የእናታችሁ ቤት አይሸጥ፦ ስለ ህብለ ሰረሰር ጉዳትና ስለ ዘረመል ህክምና

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባህር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ግንባታ ላይ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ጀርባው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገባለት። ይኸው 14 ወር ሆነው። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፤ እግሩንም አያንቀሳቅስም። ሰሞኑን በዘረመል ህክምና ሽባ የነበሩ አይጦች ሲራመዱ የሚያሳይ ቪዲዮ አየን። አንድ ደላላ ደግሞ ይህንኑ ህክምና ውጭ አገር የሚሰጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ግማሹን ክፍያ ቀድማችሁ ላኩ ብሎናል። እናታችን ቤቷን ልትሸጥ ተነሥታለች። ነገሩ እውነት ነው? ወንድሜስ ይነሣል?»

እህቴ፣ ገንዘቡ ሳይላክ በፊት መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች እኔ ዘንድ የሚመጡት ከላኩ በኋላ ነው።

ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የአይጦቹ ነገር እውነት ነው። የደላላው ነገር ግን እውነት አይደለም። በአደጋ ለተጎዳ ህብለ ሰረሰር ፈቃድ አግኝቶ የሚሰጥ የዘረመል (የጂን) ህክምና እስካሁን የለም። እዚህም፣ ውጭ አገርም፣ የትም የለም። ስለዚህ ቤቱ አይሸጥ። ይህንን ለእናታችሁ ዛሬውኑ ንገሪያት። ሌላውን ቀስ ብለን እናውራው።

ሰው «ወገቡ ተሰበረ» ሲል ነገሩ ሁሉ የአጥንት ይመስለዋል። አጥንቱማ ተጠግኗል፤ ብረቱ የገባው ለዚያ ነው። ያልተጠገነው በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚወርደው ህብለ ሰረሰር ነው። ውፍረቱ የትንሿን ጣት ያህል ነው። ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልስላሴው የበሰለ ሙዝ ነው።

በከተማችን መንገድ ሲቆፈር የድሮ የቴሌ ኬብል ተበጥሶ ሲወጣ አይተሽ ይሆናል። ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ባለቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች ታጭቀዋል። ህብለ ሰረሰርም እንደዚያ ነው፤ ክሮቹ ግን በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የቴሌ ሠራተኛ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀዩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ሲቀጥል ይውላል። ሐኪም ይህን ማድረግ አይችልም። የነርቭ ክር ሽቦ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እንደ ዛፍ ግንድ አለው፤ ግንዱ የነርቭ ህዋሱ ዋና አካል ነው። እግርን የሚያዘው ክር ግንዱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ አንድ ወጥ ክር ሆኖ እስከ ወገብ ይወርዳል። ያንን ህዋስ በጤፍ ፍሬ መጠን ብንስለው ክሩ ከጓሯችሁ ተነሥቶ አስፋልቱ ጋ ይደርስ ነበር።

ወንድምሽ ሲወድቅ ክሮቹ ደረቱ መጨረሻ ላይ ተቆረጡ። ከቁርጡ በታች ያለው ሞቷል። ከላይ ያለው ግንድ ግን አብዛኛው አልሞተም። ከ14 ወር በኋላም አንጎሉ ውስጥ አለ። ወንድምሽ እግሩን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ትእዛዙ አሁንም ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይቀራል እንጂ። የዓለም ተመራማሪዎች ተስፋ የጣሉት በዚህ ግንድ ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ራሱ አያድግም? እጁን በመስታወት የቆረጠ ሰው ነርቩ ሲሰፋለት ክሩ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ወደ ጣቱ ይመለሳል። የህብለ ሰረሰሩ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ይ ካሃል ስለ ነርቭ መበላሸትና ማገገም በ1928 በታተመው ሥራው በአዋቂ ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ የተቆረጠ መንገድ ዳግም አይበቅልም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ካሃል በ1906 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ስለሆነ ቃሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ፍርድ ተቆጠረ። በ1981 ግን በካናዳ ሞንትሪያል አልበርት አጉዋዮና ባልደረባው ሳሙኤል ዴቪድ ከአይጥ እግር የተወሰደ ነርቭ እንደ ድልድይ አድርገው አስገቡ። የህብለ ሰረሰር ክሮች በድልድዩ ውስጥ ረጅም መንገድ አደጉ። ይህ ግኝት ነገሩን ገለበጠው። ክሩ ማደግ ይችላል ማለት ነው። የሚከለክለው አካባቢው ነው።

የሚከለክሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጠባሳ ነው። ቁስሉ ዙሪያ ስኳርና ፕሮቲን የተጣበቁበት ሙጫ መሰል ነገር ይረጋል፤ ክሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሁለተኛው ክሮቹን የሚሸፍነው ስብ መሰል ልባስ ውስጥ ያለ «ቁም» የሚል ፕሮቲን ነው። ኖጎ ይባላል፤ ዙሪክ ያሉት የማርቲን ሽዋብ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት ነው። ሦስተኛው ህዋሱ ራሱ ነው። በማህፀን ሳለ ያን ሁሉ ርቀት ያደገበትን ጉልበት፣ ሰው ሲያድግ ያጠፋዋል። ዘረመሎቹ አሉ፤ ግን ተዘግተዋል።

የዘረመል ህክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። የወንድምሽ ዘረመል ጤነኛ ነው። መውደቁ ዘረመሉን አልሰበረውም። ስለዚህ የሚታሰበው የተበላሸ ዘረመል ማደስ አይደለም። ለህዋሱ አዲስ ትእዛዝ ማድረስ ነው፦ «እንደገና እደግ» ወይም «ጠባሳውን የሚያሟሟ ነገር እዚሁ አምርት» የሚል።

ትእዛዙን የሚያደርሰው ቫይረስ ነው። አትደንግጪ። ጣና ላይ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን የደንገል ታንኳ አስቢ። እንጨቱን አራግፈሽ መድኃኒት ብትጭኚበት ታንኳው ምን ገደው? ቀዛፊው ወደለመደው ዳርቻ ይወስደዋል። ኤኤቪ የሚባለው ቫይረስ እንደዚያ ነው። በ1965 የታወቀ ነው፤ በሰው ላይ በሽታ ማምጣቱ አልታየም። የራሱን ዘረመል ያወጡለታል፤ የፈለጉትን ይጭኑበታል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ጉበት ይወዳል፣ አንዱ ጡንቻ፣ ሌላው ነርቭ። ታንኳው ግን ትንሽ ነው። የሚሸከመው 4,700 ገደማ የዘረመል ፊደላትን ብቻ ነው። ትልቅ ዘረመል አይችልም። አንዴ ከተጓዘ ደግሞ «ተመለስ» ቢሉት አይመለስም። ይህን ኋላ አነሣዋለሁ።

ይህ መንገድ በሰው ላይ ሠርቷል፤ ግን ለሌላ በሽታ። በዘር የሚመጣ፣ የህፃናትን የህብለ ሰረሰር ነርቮች የሚገድል አንድ በሽታ አለ። በ2019 አሜሪካ ዞልጀንስማ የሚባል የዘረመል መድኃኒት ፈቀደች። አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ዋጋው ሲወጣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እነዚያ ልጆች የጎደላቸው አንድ ዘረመል ነው፤ እሱ ሲተካ ነርቫቸው ይተርፋል። ደላሎች ይህን እውነተኛ ታሪክ እየጠቀሱ ነው የተቆረጠ ህብለ ሰረሰር እናድናለን የሚሉት። ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ክሩ አልተቆረጠም።

አሁን ወደ አይጦቹ እንሂድ። ያያችሁት ቪዲዮ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ባላውቅም ከእነዚህ አንዱ ይመስለኛል።

በ2002 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጠባሳውን የሚበላ ኢንዛይም አይጦች ላይ ሞክረው እንቅስቃሴ እንደሚመለስ አሳዩ። ኢንዛይሙ ግን በአጭር ጊዜ ይበላሻል፤ ደጋግሞ ህብለ ሰረሰር ውስጥ መርፌ መስደድ ደግሞ አይቻልም። ከዓመታት በኋላ የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሰዎች የኢንዛይሙን ዘረመል በቫይረስ አስገቡት። ማብሪያ ማጥፊያም ሠሩለት። ማብሪያው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዶክሲሳይክሊን። በየፋርማሲው ያለው ያው ካፕሱል። አይጧ ዶክሲሳይክሊን ስትወስድ ዘረመሉ ይበራል፤ ስታቆም ይጠፋል። እጃቸው ደክሞ የነበሩት አይጦች የስኳር ፍሬ በጣታቸው አንሥተው መብላት ቻሉ። እኔ ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። መድኃኒት መስጠት ብቻ ሳይሆን የማጥፋት ሥልጣንንም ያሰበ ሥራ ነው።

በ2010 ደግሞ ቦስተን ውስጥ የዢጋንግ ሄ ቡድን ፒቴን የሚባለውን ዘረመል ከነርቭ ህዋስ ውስጥ ሲያጠፋው ክሮቹ ከተለመደው በላይ አደጉ። ፒቴን የዕድገት ፍሬን ነው። ፍሬኑ ሲነሣ ነርቭ ያድጋል። ግን ይኸው ፒቴን ካንሰርን ከሚያግዱት ዘረመሎችም ዋነኛው ነው። ሰው ላይ ዝም ብሎ ማጥፋት የማይቻለው ለዚህ ነው።

በ2021 ጀርመን ቦኹም ላይ የዲትማር ፊሸር ቡድን ሃይፐር ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል በተፈጥሮ የሌለ፣ በላቦራቶሪ የተነደፈ ፕሮቲን ትእዛዝ ወደ አይጦች አንጎል ላከ። ህብለ ሰረሰራቸው ተጨፍልቆ ሁለቱም የኋላ እግሮቻቸው የማይሠሩ አይጦች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መራመድ ጀመሩ። ቪዲዮው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዓለምን ያዳረሰው እሱ ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ የ2023ቱ ነው። በስዊዘርላንድና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች አብረው የሠሩት ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2018 ሙሉ በሙሉ በተቆረጠ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ክሮች ቁስሉን ተሻግረው እንዲያድጉ አድርገው ነበር። ክሮቹ ተሻገሩ። አይጦቹ ግን አልተራመዱም። አስቢው፤ ድልድዩ ተሠርቷል፣ ሰዉ ተሻግሯል፣ ግን የሚሄድበትን ቤት አያውቅም። አባይን ተሻግሮ ቀበሌው ጠፍቶበት መንገድ ላይ እንደሚቆም እንግዳ ማለት ነው። በ2023 ታዲያ መጀመሪያ የትኞቹ ህዋሳት ለመራመድ እንደሚያስፈልጉ ለዩ። እነሱን ብቻ በዘረመል ቀሰቀሱ። ከዚያ ወገብ አካባቢ፣ ድሮ ይደርሱበት በነበረው ቦታ ላይ፣ የሚስባቸው ፕሮቲን እንዲመረት አደረጉ። ክሮቹ ሄደው ቤታቸውን አገኙ። ያኔ አይጦቹ ተራመዱ።

ይህን ሁሉ ያወራሁሽ ላስጎመጅሽ አይደለም። ከአይጥ ወደ ወንድምሽ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሆነ እንድታይው ነው። አይጥ ላይ ክሩ የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ላይ በርካታ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አብዛኞቹ አይጦች ህክምናውን ያገኙት ገና በተጎዱ ሰሞን ነው። 14 ወር የቆየ ጠባሳ ሌላ ነገር ነው። ክሩ የተሳሳተ ቦታ ቢገባ ደግሞ የሚመጣው መራመድ ሳይሆን የማያስተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። ታንኳውን ደግሞ መመለስ አይቻልም ብዬሻለሁ። አንድ ጊዜ ኤኤቪ የወሰደ ሰው ሰውነቱ መከላከያ ስለሚያበጅ ለሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ይቸግረዋል። እንግዲህ አስቢው። ዛሬ አንድ ሰው ምንነቱ ያልታወቀ ቫይረስ ቢወጋው፣ እውነተኛው መድኃኒት የመጣ ዕለት በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ለደላላው ይህን ንገሪልኝ።

ከዘረመል ህክምና ጋር ዘመድ የሆነ አንድ ነገር ግን በሰው ላይ ተሞክሯል። ኖጎን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በአውሮፓ አንገታቸው ላይ የተጎዱ ሰዎች ወስደውት ውጤቱ በ2024 ወጣ። ዋናውን ግብ አልመታም። ጉዳታቸው ሙሉ ያልሆነው (ከጉዳቱ በታች ጥቂት ስሜት ወይም እንቅስቃሴ የቀረላቸው) ላይ ግን መሻሻል ታይቷል። የተሰጠው ግን ከተጎዱ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። የወንድምሽ ጊዜ አልፏል። በጀርባ ላይ የሚተከል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያም አለ። በ2022 ሦስት ሙሉ በሙሉ ሽባ የነበሩ ሰዎች በእሱና በድጋፍ ቆመው ተራምደዋል። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ያው ነው። ስለዚህ ክር አደገ ማለት አይደለም።

ወደ ደላላው ልመለስ። እውነተኛ የህክምና ሙከራ ውስጥ የሚገባ ሰው ለሚሞከርበት መድኃኒት ገንዘብ አይከፍልም። ይህች አንድ ነገር ብቻ ትበቃሻለች። ሌላም ጠይቂው። የሚሰጠው ዘረመል ስሙ ማን ነው? ቫይረሱስ? ሙከራው የተመዘገበበት ቁጥር የት አለ? የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደበት ደብዳቤስ? መልስ ካጣ ወይም «ስቴም ሴልም አለበት፣ ሁሉም አለበት» ካለሽ ስልኩን ዝጊው። አንድ አሜሪካዊ በስትሮክ ተጎድቶ በተለያዩ አገሮች እየከፈለ እንዲህ ያለ የስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል ህዋስ) መርፌ በጀርባው ወሰደ። ከዚያ ህብለ ሰረሰሩ አካባቢ የሌላ ሰው ህዋስ ዕጢ ሆኖ አደገበት። ይህ በ2016 በታላቅ የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው።

እኔም የደረሰብኝ አለ። ከዓመታት በፊት የማክመው አንድ ወጣት ቤተሰቡ መሬትና ከብት ሸጦ ውጭ ላከው። ሁለት ወር ቆየ። እዚያ መርፌ ወጉት፤ ማንም ግን አላገላበጠውም። ሲመለስ አልጋው ላይ አንሶላውን ስገልጥ ቂጡ ላይ ያለው ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበር። ጣቴ አጥንቱን ነካ። ያ ልጅ ሲሄድ ቆዳው ደህና ነበር። እናቱ «ግን ዶክተር፣ መርፌው መቼ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ያን ቀን የምመልሰው ጠፋኝ። ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለዚያ ነው።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ጉዳቱ ሙሉ ከሆነና 14 ወር ካለፈው፣ ወንድምሽ በራሱ እግር የመራመዱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። አብዛኛው ማገገም የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ መደበቅ ግን የባሰ ነው።

ግን «ሙሉ» የሚለውን ማን አረጋገጠ? ብዙ ጊዜ እግሩን አይተው ብቻ ይደመድማሉ። ምርመራው ፊንጢጣ አካባቢ ያለውን ስሜትና መጨመቅ ካላየ አልተሟላም። እዚያ ትንሽም ስሜት ካለ ጉዳቱ ሙሉ አይባልም፤ ነገሩም ይለያል። ወንድምሽ ላይ ይህ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተደረገ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ህይወት ሆስፒታል ሄዳችሁ ይህንን ምርመራ ጠይቁ። ሀፍረት የለውም።

ደስ የሚለው ደግሞ ይኸውልሽ። እምብርት የአሥረኛው የደረት ነርቭ ምልክት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የወንድምሽ ነው። እጁ፣ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ትንፋሹ። በዚህ ደረጃ የተጎዳ ሰው ራሱ ይለብሳል፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ራሱ ይሻገራል፣ ራሱ ይታጠባል፣ ሥራ ይሠራል። እቤት እናታችሁ የምትገላብጠው ከሆነ ጉዳቱ አይደለም ያሰረው፤ ሥልጠና አላገኘም።

የቤቱ ገንዘብ ሳይነካ፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ወጪ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ወደፊት ህክምናው ሲመጣም የሚጠቅመው አካሉ የጠበቀለት ሰው ነው። ጉልበቱ ታጥፎ የደረቀ፣ ኩላሊቱ የተበላሸ፣ ቁስል ያለበት ሰው ሙከራ ውስጥ አይገባም።

ቆዳው። ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ በየ15 እና 20 ደቂቃው በሁለት እጁ ተደግፎ ቂጡን ያንሣ፤ ወይም ወደ ግራና ቀኝ ይዘንበል። ማታ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ትራስ አትግዙለት፤ ደሙን ያግደዋል። ጠዋትና ማታ ራሱ በመስታወት ቂጡን፣ ጭኑንና ተረከዙን ይይ። እዚህ አገር ሌላ አደጋም አለ፤ መጻሕፍቱ ብዙ አያወሩትም። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። አይሰማውም። እኔ ያየኋቸው የእግር ቃጠሎዎች አብዛኞቹ የቡና ሰዓት ናቸው። ማንደጃው ከእግሩ ክንድ ሙሉ ይራቅ። ትኩስ ሳህን ጭኑ ላይ አታስቀምጡበት።

ፊኛው። ይህ ነው ዕድሜውን የሚወስነው። ድሮ በዚህ ጉዳት ሰው የሚሞተው በኩላሊት ነበር። ቋሚ ጎማ (የሽንት ቱቦ) ተተክሎለት ከሆነ፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ራሱ ካቴተር እያስገባ መሽናት ይማር። እጁ ጤነኛ ነው፤ ይችላል። እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከግማሽ ሊትር በላይ እስኪጠራቀም አይጠብቅ። በዓመት አንድ ጊዜ ኩላሊቱን በአልትራሳውንድና በደም ይታይ። እግሩ ከወትሮው በላይ መንቀጥቀጥና መኮማተር ከጀመረ ሽንቱን አስመርምሩ፣ ቆዳውንም እዩ። ሰውነቱ ሕመምን የሚናገርበት ሌላ መንገድ የለውም። ድንዛዜው ከእምብርቱ በላይ መውጣት ከጀመረ ወይም እጁ ከደከመ ግን ቀን ሳታሳድሩ ውሰዱት፤ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ውኃ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል።

መቆም። ከባህር ዛፍ ሁለት አግዳሚ በዳሌው ቁመት፣ በመሐላቸው ሰውነቱን የሚያሳልፍ ክፍተት ትታችሁ ጓሮ ውስጥ ትከሉለት። ማንኛውም አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። እንጨቱ ተልጦ ይለስልስ፤ ስንጥር መዳፉን እንዳይወጋው። ከተማችን ካለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ ድጋፍ አሠሩለት። ከዚያ በፊዚዮቴራፒስት እየታየ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይቁም፤ ቀስ እያለም ይጨምር። ይህ መራመድ አይደለም። ግን መገጣጠሚያው አይደርቅም፣ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል። እህቱንም እናቱንም በቁመት ያያል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ራሱን ሊያዞረው ይችላል፤ ቁጭ አድርጉት፣ ነገ ድገሙት። ለወራት ካልቆመ አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ያለ ባለሙያ አትጀምሩት።

ሰው የማይጠይቀውን እኔ ላንሣው። ወንድምሽ 27 ዓመቱ ነው። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ያስባል፤ ለእህቱ ግን አይነግራትም። በዚህ ጉዳት የወንድነት ነገር ይለወጣል እንጂ አያልቅም። መድኃኒት አለው። ልጅም መውለድ ይቻላል። ሐኪሙን ብቻውን የሚያገኝበት አሥር ደቂቃ ስጡት።

ሥራም አለ። አንድ የማውቀው ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ ፍሪሲዮኑም፣ ማርሹም፣ ነዳጁም በእጅ ነው፤ በእግር የሚያዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ብየዳ ቤት ሄዶ ፍሬኑን ወደ እጅ አስመጣው፤ አስመርምሮ ፈቃድ አገኘ። ወንድምሽ ይህንን ያድርግ አልልም። ግን ለ14 ወር ጣሪያ ሲያይ ለቆየ ሰው ይህን ማውራት ከማንኛውም የአይጥ ቪዲዮ ይበልጣል።

ለሌሎቻችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር። ሰው ከፎቅ ወይም ከማንጎ ዛፍ ሲወድቅ ብብቱንና እግሩን ይዘን አጥፈን ባጃጅ ላይ እንጭነዋለን። በደግ ልብ ነው። ግን አጥንቱ ተሰብሮ ነርቩ ገና ያልተቆረጠ ከሆነ፣ የሚቆርጠው ያ መታጠፍ ሊሆን ይችላል። በር ንቀሉ፤ ጣውላ አምጡ። አንገቱንና ጀርባውን ቀጥ አድርጋችሁ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ላይ አንከባልሉት። ተኝቶ በሚጫንበት መኪና ውሰዱት። ደግሞ ሳይወድቅ ቀስ በቀስ እግሩ የከዳው ሰው ካለ ቤት አታስቀምጡት። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በጣና ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዚያም አልፎ አልፎ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፤ የዘገየ ግን ይጎዳል።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ መስታወትና የስልክ መብራት ይዘሽ የወንድምሽን ቂጥና ተረከዝ እዩ። ቀይ ቦታ ካገኛችሁ በጣትሽ ጫኚውና ልቀቂው። ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ገና ነው፤ ለጥቂት ቀን እዚያ ላይ አይተኛ፣ አይቀመጥም። ቀይ ሆኖ ከቀረ፣ ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከዚያ ሽንቱን እንዴት እንደሚሸና ጻፊልኝ፦ በቋሚ ጎማ ነው ወይስ ራሱ? የምቀጥለው ከዚያ ነው።